ገመዱን ከየት አመጣኸው? ስለ «ተቅሊድ» ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ባለፈው ሰሞን አንድ የድሬዳዋ ጸሐፊ «ተቅሊድ፦ የከተሞቻችን የኩረጃ በሽታ» የሚል ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። እዚህ ሐረርም ብዙ ሰው ተቀባብሎታል። ላላነበበው ባጭሩ ልንገረው። ተቅሊድ የአረብኛ ቃል ነው። መከተልም፣ መምሰልም፣ መቅዳትም ይባልበታል። ጸሐፊው ስለዚህ ቃል አምስት ነገር ይላል። አንደኛ፣ ቃሉ የመጣው ከከብት አንገት ገመድ ነው፤ ስለዚህ ተከታይ ማለት የሚጎተት ከብት ነው። ሁለተኛ፣ የሱቁ ተቅሊድ፣ ማለትም ፌክ ዕቃ፣ እና የመድረሳው ተቅሊድ፣ ማለትም መዝሀብ መከተል (ከአራቱ የሱኒ የሕግ መንገዶች አንዱን፣ ለምሳሌ ሻፊዒን፣ መያዝ)፣ አንድ ነገር ናቸው። ሦስተኛ፣ የሐረር ዑለማዎች፣ ማለትም የሃይማኖት ሊቃውንት፣ ለዘመናት የሰው ኪታብ ከመገልበጥ ሌላ ምንም አልሠሩም። አራተኛ፣ የዛሬ ልብስ ሰፊዎችና ወጣቶች ይህንኑ በሽታ ወርሰዋል። አምስተኛ፣ መድኃኒቱ ሁሉም ሰው ማንንም ሳይከተል በራሱ ከምንጩ ማንበብ ነው።

እንግዲህ አንተ እያልኩ ልመልስልህ። እኛ ጋ አንቱታ ብዙም አይታወቅም፤ ድሬም ያው ናት። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።

ከገመዱ ልጀምር። ተቅሊድ «ቂላዳ» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ሥር አለው፤ እዚህ ድረስ ልክ ነህ። ቂላዳ አንገት ላይ የሚጠለቅ ነገር ነው፤ ድሪ በለው፣ የአንገት ጌጥ በለው። «ቀለደ» ማለት ደግሞ አንገት ላይ አጠለቀ ማለት ነው። (በአማርኛ ሲሆን ሌላ ነገር ይሆናል፤ እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው።) ከብት የሚጎተትበት ገመድ ግን በአረብኛ የራሱ ስም አለው። ለግመል ዚማም ይባላል። ቂላዳ መጎተቻ ማለት አይደለም። ምልክት ነው።

እንስሳ ላይ መዋሉ እውነት ነው። ቁርአን በአል-ማኢዳ ምዕራፍ አንቀጽ 2 ላይ «ቀላኢድ» ይላል፤ የቂላዳ ብዙ ቁጥር ነው። ለመሥዋዕት ወደ መካ የሚነዱ እንስሳት አንገታቸው ላይ የሚደረግላቸው ነው። ያንን ያጠለቀ እንስሳ በመንገድ ላይ ማንም አይነካውም። ነቢዩ ሙሐመድ ለሚልኩት መሥዋዕት ቀላኢዱን በእጃቸው ይገምዱ የነበሩት ባለቤታቸው ዓኢሻ መሆናቸው ቡኻሪ በሚባለው የሐዲስ መጽሐፍ ተዘግቧል። አንተ የውርደት ገመድ ያልከው የክብር ምልክት ሆኖ ነው የምናገኘው። እኛ አገር ማተብ ያሰረ ሰው ሲያልፍ «ይሄ በክር ይጎተታል» የሚል አለ? «ባለ ማተብ ነው፣ እመነው» ነው የሚባለው።

ሹመትም ተቅሊድ ይባላል። በ1058 የሞተው አል-ማወርዲ ስለ አገር አስተዳደር ሲጽፍ ዋዚር (ሚኒስትር) መሾምን፣ ቃዲ መሾምን «ተቅሊድ» እያለ ነው የሚጠራው። ኃላፊነቱ ተሿሚው አንገት ላይ ተጠለቀ ማለት ነው። በአንተ ትርጉም ከሄድን ቃዲው የተሾመ ቀን ከብት ሆነ ልንል ነው።

ዋናው ጥያቄ ግን ቂላዳው ማን አንገት ላይ ነው የሚውለው የሚለው ነው። የየመኑ ዓሊም አሽ-ሸውካኒ፣ በ1834 የሞተው፣ ተቅሊድን አምርረው ከሚቃወሙት አንዱ ነው። ላንተ ጥሩ ምስክር በሆነህ ነበር። ቃሉን ሲያብራራ ግን ምን ይላል? ተከታዩ የተቀበለውን ፍርድ በተከተለው ዓሊም አንገት ላይ እንደ ቂላዳ አደረገው ይላል። ቂላዳው ያለው መላሹ አንገት ላይ ነው፤ ጠያቂው አንገት ላይ አይደለም። ተጠያቂነቱ ወደዚያ ሄደ ማለት ነው። ፈትዋ፣ ማለትም የሊቅ የሕግ መልስ፣ ጠይቆ የሄደ ሰው «እሱ ይጠየቅበት» ሲል ሰምተህ አታውቅም?

ሁለተኛው ነጥብህ የጽሑፍህ እምብርት ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

የሱቁን ተቅሊድ አውቀዋለሁ። ታይዋን የሚባለው ገበያ ገብቶ ጫማ ያነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ኦሪጅናል ነው ወይስ ፌክ?» ነው። ሻጩ ደፈር ካለ «ሃይ ኮፒ ነው፣ አይለይም» ይላል። ከጅዳ የተመለሱ ልጆች ደግሞ በአረብኛው ይለያሉ፤ «አስሊ» እና «ተቅሊድ» ይላሉ። አንተ ይህን ያዝክና፣ የመዝሀብ ተከታይ ሁሉ እንደዚያ ጫማ ነው አልክ። ቃሉ አንድ ስለሆነ ነገሩም አንድ ነው ብለህ ነው።

ፌክ ጫማ ግን ራሱን ይደብቃል። የሌላውን ስም ለጥፎ ነው የሚሸጠው፤ ጥፋቱ እዚያ ላይ ነው። መዝሀብ የሚከተል ሰው በግልጽ «እኔ ሻፊዒ ነኝ» ይላል። ከማን እንደወሰደ መጀመሪያ ይናገራል፣ ከዚያ ይቀጥላል። የደበቀው ነገር የለም።

ደግሞ አረቦቹ ራሳቸው ቃሉን ስንት ቦታ እንደሚያውሉት ተመልከት። «ዓዳት ወተቃሊድ» ሲሉ ወግና ልማድ ማለታቸው ነው፤ የሠርግ ሥርዓት፣ የእንግዳ አቀባበል እዚያ ውስጥ ይገባል። ዜና ላይ «አስሊሓ ተቅሊዲያ» ሲባል ትሰማለህ። ኒውክሌር ያልሆነ፣ የተለመደው ዓይነት የጦር መሣሪያ ማለት ነው። ታንኩ ፌክ ነው እያሉ አይደለም። የሰው ድምፅ እያስመሰለ የሚያስቅ ኮሜዲያን ሥራውም ተቅሊድ ነው፤ እሱማ ካልመሰለለት ማን ይከፍለዋል! ወደ ሺዓዎቹ ስትሻገር ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ኢራን ውስጥ የትልቅ የሃይማኖት ሊቅ ማዕረግ «መርጀዕ አት-ተቅሊድ» ነው። ለተቅሊድ ሰው ሁሉ የሚመለስበት ማለት ነው። እዚያ ሊቅ ያልሆነ ሰው አንድ መርጀዕ መርጦ መከተል ግዴታው ነው።

ሱኒዎቹ ጋ ቃሉ ሁለት ፊት አለው፤ አንተ ያየኸው አንዱን ብቻ ነው። ጉዳዩ እምነት ሲሆን፣ ፈጣሪ አለ ወይስ የለም፣ ነቢዩ እውነተኛ ናቸው ወይስ አይደሉም ሲባል፣ ብዙ ሊቃውንት ተቅሊድን አይወዱትም። አባቴ እንዲህ ስላለ አመንኩ ማለት አያጠግባቸውም። በ1111 የሞተው አል-ገዛሊ የራሱን የጥርጣሬ ዘመን ሲተርክ፣ ሰው ተቅሊድ ውስጥ እንዳለ ያወቀ ዕለት የተቅሊዱ ብርጭቆ ይሰበራል፣ ያ ስብራት ደግሞ አይጠገንም ይላል። ጉዳዩ ተግባር ሲሆን ግን ሌላ ነው። ጾም፣ ሽያጭ፣ ፍቺ፣ ውርስ ሲሆን፣ ያላጠና ሰው ያጠናውን ጠይቆ ይሠራል። «የማታውቁ ከሆናችሁ የዕውቀት ባለቤቶችን ጠይቁ» የሚለው አንቀጽ፣ አን-ነሕል 43፣ የሚጠቀሰው ለዚህ ነው። አንድ ሰው በአንድ ቃል እዚህ ጋ ይወቀሳል፣ እዚያ ጋ ይፈቀድለታል። ጽሑፍህ ሁለቱን አንድ ድስት ውስጥ ጨምሮ ቀቅሏቸዋል።

ስለ ሻፊዒ ያልከው ደግሞ ከሁሉም ያስገረመኝ ነው። ሐረር ሻፊዒ ስለሆነች አእምሮዋን ለአንድ ሰው አስረክባለች አልክ። ኢማም አሽ-ሻፊዒ በ820 ግብፅ ውስጥ ነው የሞቱት። ኢራቅ ሳሉ የሰጡትን ብዙ ፍርድ ግብፅ ከገቡ በኋላ ራሳቸው ቀይረውታል። የመጀመሪያው «ቀዲም»፣ የኋለኛው «ጀዲድ» ይባላል፤ ተማሪ ሁሉ ለይቶ ነው የሚማረው። እሳቸው ራሳቸውን እንኳን አልተከተሉም ማለት ነው። ተማሪያቸው አል-ሙዘኒ፣ በ878 የሞተው፣ የመምህሩን ትምህርት አሳጥሮ ጻፈ። መጽሐፉ ገና ሲከፈት ምን ይላል? ኢማሙ እሳቸውንም ሆነ ሌላውን በተቅሊድ መከተልን እንደከለከሉ አሳውቄ ነው የምጽፈው ይላል። ይህ በመዝሀቡ ውስጥ ለዘመናት ሲነበብና ሲብራራ የኖረ መጽሐፍ ነው። አል-ሙዘኒም ያንን ብሎ አልቀረም፤ በየቦታው ከመምህሩ ይለያል፣ ለምን እንደተለየም ይጽፋል። አንተ ጭፍን ያልከው መዝሀብ ጭፍንነትን ከልክሎ ነው የጀመረው።

አንዲት ነገር በቅንፍ ትመስላለች ግን ልበላት። ተቅሊድን «የሌላን ሰው ቃል ያለ ማስረጃ መቀበል» ብለህ ተረጎምከው። ጥሩ ትርጉም ነው። አል-ገዛሊ በኡሱል (የሕግ መሠረት) መጽሐፉ ከሞላ ጎደል በዚሁ ቃል ነው የሚተረጉመው። ከማን እንደወሰድከው ግን የትም አልጻፍክም፣ ማስረጃም አላስከተልክም። ወላሂ ስትወቅሰው የነበረውን ነገር ነው የሠራኸው።

ሦስተኛው ነጥብ የሐረር ገልባጮች ናቸው። «ገልብጠው ገልብጠው ሞቱ» ብለሃል።

አዎ ገልብጠዋል። ማተሚያ ቤት በሌለበት ዘመን ገልባጭ ባይኖር አንተም እኔም ዛሬ ስለምን እንከራከር ነበር? ጀጎል ውስጥ፣ በራስ ተፈሪ ቤት ያለውን የሸሪፍ ሙዚየም ግባና እይ። አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ ከየቤቱ የሰበሰቧቸው በእጅ የተጻፉ ኪታቦች እዚያ አሉ። ቀስ ብለህ እያቸው። ቀለሙን፣ ጠርዝ ላይ በቀጭኑ የተጻፈውን ማብራሪያ፣ የቆዳ ሽፋኑ ላይ የተመታውን ጌጥ ተመልከት። ጠርዝ ላይ የሚጽፍ ሰው መሐል ያለውን ጽሑፍ አንብቦ የሚለው ነገር ስላለው ነው የሚጽፈው።

የራሳቸው ነገር አልጨመሩም ላልከው ደግሞ አንድ ምሳሌ ይበቃል። ሐረሪዎች የአረብኛውን ፊደል ወስደው የራሳቸውን ቋንቋ ጽፈውበታል። ኪታብ አል-ፈራኢድ የሚባለው ጽሑፍ በጥንቱ ሐረሪ ነው የተጻፈው፤ የቋንቋ ተመራማሪዎች ዛሬም ድረስ የድሮውን ሐረሪ የሚያጠኑት በእሱና በመሰሎቹ ነው። ፊደሉ የተቀዳ ነው፣ ቋንቋው የቤት ነው። ይህን በየትኛው ሳጥንህ ውስጥ ታስገባዋለህ?

መገልበጥ መማሪያም መሆኑን ረስተኸዋል። ቁርአን ቤት ልጁ ሎህ ይዞ ይቀመጣል። ሎህ ማለት የእንጨት ሰሌዳ ነው። መምህሩ አሊፍ ይጽፋል፤ ልጁ አይቶ ይጽፋል። ተጣመመ፣ ይታጠባል፣ እንደገና ይጻፋል። በቤተ ክርስቲያን በኩልም ያው ነው። ዜማ የሚማር ልጅ የመምህሩን ድምፅ እንዳለ መያዝ አለበት፤ አንድ ቦታ ከሳተ ይመለሳል። ያው ልጅ ቅኔ ቤት ሲገባ ሕጉ ይገለበጥበታል። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ ደግሞ ቢያቀርብ ጓደኞቹ ይስቁበታል፤ በየቀኑ አዲስ ማምጣት አለበት። እንዲህ አዲስ ሆኖ የሚመጣውን ቅኔ ደግሞ «ተዘረፈ» ነው የሚሉት! አንድ ተማሪ ጠዋት መምሰል ግዴታው ነው፣ ማታ መምሰል ነውሩ ነው። በሽታ ቢሆን ኖሮ በሰዓት አይታዘዝም ነበር።

በአራተኛው ነጥብ ላይ ብዙ አልቆይም። መኪና ግርግርን «የኩረጃ መንደር» አልከው። ለማያውቀው፣ መኪና ግርግር ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ የሚወርደው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናው ጩኸት ነው። ሰሞኑን እዚያ አንዲት ልጅ ስልኳ ላይ የድሪያ ፎቶ ስታሳይ አየሁ። ሰፊው ስልኩን ተቀብሎ በሁለት ጣቱ እያሰፋ አንገቱን አየ፣ እጅጌውን አየ። ከዚያ ያመጣችውን ጨርቅ በመዳፉ ጨበጥ አድርጎ ለቀቀው። «ይሄ ይቆማል፣ እንደዚያኛው አይወርድልሽም። አንገቱን ክብ ላድርገውና ከጎን ትንሽ ልሰብስበው» አላት። ልጅቷ ተከራከረች፣ በመጨረሻ እሺ አለች። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ትከሻዋን ለካ። ይህን ሰው ኮራጅ ካልነው ልብስ ሰፊ የሚባል የሚቀረን አይመስለኝም።

ለነገሩ ከድሬ ሆነህ ስለ ኮፒ ስታወራ ትንሽ አስቆኛል። ከጅቡቲ የመጣው ባቡር በ1902 እናንተ ጋ ሲደርስ፣ ሐረር ያለችበት ተራራ አላስወጣ ስላለው ሜዳው ላይ ቀረ። ያኔ ለከተማችሁ የተሰጣት ስም «አዲስ ሐረር» ነበር። ከዚራ የሚባለው ሰፈራችሁ ደግሞ መንገዱ በፈረንጅ ፕላን ተሰምሮ ነው የተሠራው። ማንም ዛሬ ድሬን የሐረር ኮፒ ብሎ አይጠራትም፤ ልጥራት ቢልም ድሬዎች «አቦ ተወን!» ይሉታል። እኔም እላለሁ። እኛም ንጹሕ አይደለንም። ቱሪስቱ ሁሉ ፎቶ የሚነሳበት ራምቦ ቤት የተሠራው ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ በ1891 ከሞተ በኋላ ነው፤ ያሠራውም ሕንዳዊ ነጋዴ ነው። አርተር ራምቦ አልኖረበትም። ፌክ ፈልገህ ከሆነ፣ ልብስ ሰፊዎቹን ትተህ እሱን ብትጽፍ ይሻል ነበር።

ወጣቶቹን በተመለከተ፣ የፀጉር ቁርጥና የቲክቶክ ዳንስ ላይ የጻፍከው ሁለት ገጽ ከተቅሊድ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልገባኝም። አልፈዋለሁ።

አምስተኛው፣ መድኃኒቱ። ሁሉም ሰው ራሱ ከምንጩ ያንብብ ብለሃል። ሲሰማ ደስ ይላል። በአንድ ጉዳይ ላይ እንሞክረው።

አንዲት ሴት ሞተች እንበል። ልጅ የላትም፣ አባቷም የለም። ባሏ አለ፣ እናቷ አለች፣ ሁለት የእናት ልጅ ወንድሞች አሏት፣ ሁለት ደግሞ የእናትም የአባትም ልጅ ወንድሞች አሏት። የተወችው 600,000 ብር ነው። ቤተሰቡ ምንጩን ከፈተ፤ አን-ኒሳእ ምዕራፍ አንቀጽ 11 እና 12። ባል ግማሽ፣ 300,000። እናት ስድስተኛ እጅ፣ 100,000። የእናት ልጆቹ ሲሶ፣ 200,000። ብሩ አለቀ። ከእናትም ከአባትም የሚወለዱት ድርሻቸው ከተከፋፈለ በኋላ የተረፈውን ነው የሚያገኙት፤ የተረፈ ደግሞ የለም። በአባትም በእናትም የሚቀርቡት ወንድሞች ባዶ እጃቸውን ቀሩ፣ በእናት ብቻ የሚቀርቡት ወሰዱ።

ይህ የፈጠራ ጥያቄ አይደለም። ኸሊፋ ዑመር ፊት ቀርቧል። መጀመሪያ አይደርሳቸውም ብለው ፈረዱ። በሌላ ጊዜ ጉዳዩ ተመልሶ ሲመጣ ወንድሞቹ «አባታችን አህያ ነበር በል፣ እናታችን አንድ አይደለችም?» አሏቸው። ዑመርም ሲሶውን ለሁሉም እኩል አካፈሉ። የፊተኛውን ፍርድ ሲያስታውሷቸውም፣ ያ ያኔ በፈረድነው ነው፣ ይህ ደግሞ ዛሬ በምንፈርደው ነው አሉ። ሻፊዒዎችና ማሊኪዎች ይህን ማካፈል ያዙ። ሐነፊዎችና ሐንበሊዎች የመጀመሪያውን ያዙ። ኪታቦቹ ውስጥ ጉዳዩ እስከ ዛሬ «የአህያዋ ጉዳይ» እየተባለ ይጠራል።

እንግዲህ አስበው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ንኡስ አንቀጽ 5 መሠረት፣ ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ እንዲህ ያለ የቤተሰብ ጉዳይ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ይታያል። ሐረር ላይ ቃዲው ሻፊዒ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ቤተሰቡ ገና ደጁን ሳይረግጥ መልሱን ያውቀዋል፤ አራቱ ወንድሞች ሲሶውን ይካፈላሉ፣ ለያንዳንዳቸው 50,000 ይደርሳል። ባለፈው ዓመት ጎረቤቱ የተፈረደለት ፍርድ ዘንድሮ ለሱም ይፈረድለታል። ተቅሊድ እዚህ ቦታ ላይ የሚሠራው ይህንን ነው። ቃዲው በየጉዳዩ ከምንጩ እንደ አዲስ ቢጀምር፣ ሰኞ የመጣው ወንድም 50,000 ይዞ ይሄዳል፣ ሐሙስ የመጣው ባዶ እጁን። የእናት ልጆቹ በበኩላቸው ያችኑ አንቀጽ 12 ያነቡልሃል፤ አንቀጹ ሲሶው የእነሱ ነው ይላል። ሁለቱም ወገን ምንጩን አንብቧል፣ ሁለቱም ማንንም አልተከተለም፣ ብሩ ግን ባንክ እንደተቀመጠ ነው።

አንተስ ለየትኞቹ ትፈርዳለህ? መልስህን ስትጽፍ ግን፣ ከአራቱ መዝሀቦች ከየትኛው እንደወሰድከው አብረህ ጻፍልን።